ሲስተሙ አለ፤ ማን እያየው ነው?

ባንክ ወይም ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተሰልፎ የሚያውቅ ሁሉ ይህቺን ቃል ሰምቷታል። «ሲስተም የለም።» ሰልፉ ይበተናል። ሰው እያጉረመረመ ይሄዳል፤ ነገ ይመለሳል። ታበሳጫለች፤ ግን አንድ ደግ ጎን አላት። ሲስተሙ መቆሙን ሁሉም ያውቃል። የባሰው ሲስተሙ «አለሁ» እያለ ሲሳሳት ነው። ያን ጊዜ የሚያጉረመርም የለም። እንዲያውም ደስ የሚለው ይኖራል።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊቱን የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክና በመልእክት ተቀባብሎ ዩኒቨርሲቲዎች ደረሰ። ግቢ ውስጥ ባሉ ኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ግብይቱን እስኪያቆም ሰዓታት አለፉ። ያኔ እንደተነገረው ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ግብይት ተካሂዷል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል።

እኔን በሙያዬ የሚያስጨንቀኝ እዚህ ላይ ነው። በማሽን ዓይን ካየነው ያ ሌሊት ሰላማዊ ነበር። ኤቲኤሙ ጠየቀ፣ መልስ መጣለት፣ ብር ቆጠረ። «ሲስተም የለም» ያለ አልነበረም።

ኤፒአይ የሚለውን ቃል ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። አንድ ፕሮግራም ከሌላ ፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት መስኮት ነው። ከስልካችሁ ምግብ አዝዛችሁ በቴሌብር ስትከፍሉ ከጀርባ ቢያንስ ሦስት አራት መስኮት ይንኳኳል። ዋጋው፣ አድራሻው፣ ክፍያው፣ የማረጋገጫ መልእክቱ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ትንንሽ ድርጅቶችም የየራሳቸውን መስኮት ከፍተዋል። ብዙዎቹ የሚያሳርፉት ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ነው። ማውጣቱ ቀላል ሆኗል። ከምሳ በኋላ ጀምራችሁ እስከ ማታ ለዓለም ክፍት የሆነ አድራሻ ይኖራችኋል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።

አንድ ወዳጄ ምግብ የሚያደርስ ትንሽ ድርጅት አለው። ሁለት ልጆች ቀጥሮ ኤፒአዩን አሠርቶ ክላውድ ላይ አስቀምጦታል። አንድ ሰሞን «ሽያጭ ቀነሰብኝ» ብሎ ደወለ። ገብቼ ሳየው ዳሽቦርዱ (የመከታተያ ሰሌዳው) አረንጓዴ ነው። ስህተት ዜሮ። ሰርቨሩ (ኤፒአዩን የሚያስኬደው ኮምፒውተር) እንደውም ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ነገሩ የወጣው አንዲት ደንበኛ «ከፍያለሁ፤ ምግቤስ?» ብላ ስትጮህ ነው። ክፍያ የሚያስተላልፍላቸው ድርጅት ከሚልከው መልስ ውስጥ የአንዱን ፊልድ (የመረጃ ሳጥን) ስም ቀይሯል። የወዳጄ ኤፒአይ መልእክቱን ይቀበላል፣ ያልገባውን ይጥላል፣ ከዚያ በትሕትና «200» ብሎ ይመልሳል። 200 በኛ ዓለም «ሁሉ ሰላም» ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉ ሰላም ነበር።

ኤፒአይ ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ሁለት ነው፤ ማስተዳደርና መከታተል። ሰው የሚወደው ሁለተኛውን ነው። ዳሽቦርድ ያምራል፣ ለአለቃም ይታያል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ካልተጀመረ ሁለተኛው ዋጋ የለውም ባይ ነኝ። ማን እንደሚገባበት በማይታወቅ ግቢ ላይ ካሜራ ብትሰቅሉ ፊት ታያላችሁ እንጂ ስም አታገኙም።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ያለውን ጥበቃ አስቡት። መታወቂያ ይቀበላል። ይፈትሻል። መዝገብ ላይ ይጽፋል። ስንተኛ ፎቅ እንደምትሄዱ ይጠይቃል። ኤፒአይ ጌትዌይ የሚባለው ይሄው ነው። ከኤፒአዩ ፊት ይቆማል፤ ጥያቄ ሁሉ በሱ በኩል ያልፋል። ማይክሮሶፍት በ2013 አፒፋኒ የሚባል ድርጅት ገዝቶ አዙር በሚባለው ክላውዱ ላይ ኤፒአይ ማኔጅመንትን አወጣ (ከዚህ ጀምሮ የውጭ አገሩ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። አማዞን የራሱን በ2015 ለገበያ አቀረበ። ጉግል በ2016 አፒጂን በ625 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ኮንግን የመሰለ በነፃ የሚወርድም አለ። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙ አይማርከኝም። ኤፒአያችሁ ያለበት ክላውድ የሚያቀርበውን ውሰዱ፤ ይበቃል።

መጀመሪያ የሚደረገው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የየራሱን ቁልፍ መስጠት ነው። ለሞባይል መተግበሪያው አንድ፣ ለሬስቶራንቶቹ ሲስተም አንድ፣ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ሪፖርት አንድ። ሁሉም በአንድ ቁልፍ ከገባ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ሰው ገባ» ብቻ ነው። አንዱ ቁልፍ ቢሰረቅም ሁሉንም ሳትዘጉ እሱን ብቻ ትሰርዛላችሁ። ቁልፉ ግን የድርጅት መለያ እንጂ የሰው ማንነት ማረጋገጫ አይደለም። ሞባይል መተግበሪያ ውስጥ የተቀመጠ ቁልፍ ፈልጎ ለሚያወጣው ሰው የተደበቀ አይደለም። ስለዚህ የደንበኛው ቶክን (ሲገባ የሚሰጠው ጊዜያዊ ማረጋገጫ) ለብቻው መፈተሽ አለበት፤ ጌትዌዩም እሱን ማድረግ ይችላል።

ቀጥሎ ገደብ። በሰከንድ ስንት ጥያቄ፣ በቀን ስንት ጥያቄ። ከገደቡ ሲያልፍ ጌትዌዩ «429» ብሎ ይመልሳል፤ ትርጉሙ «በዛ፣ ቀስ በል» ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አማዞን ጌትዌይ ላይ ማንም ካልነካው ለአንድ አካውንት በአብዛኞቹ የአማዞን ክልሎች (ማዕከሎቹ ያሉባቸው አካባቢዎች) በእያንዳንዱ ያለው መደበኛ ገደብ በሰከንድ 10,000 ጥያቄ ነው። ያ የአማዞን ልክ ነው፤ የወዳጄ ልክ አይደለም። እሱ በምሳ ሰዓት ግፋ ቢል በሰከንድ 10 ያገኛል። 10,000 ላይ ከተተወ ገደብ የለውም ማለት ነው። በዚያ ላይ ክፍያው በጥያቄ ብዛት ነው። አንድ ልጅ ስህተት ያለበት ሉፕ (ራሱን እየደጋገመ የሚዞር ኮድ) ጽፎ ቢተኛ ጠዋት የሚጠብቀው የዶላር ሒሳብ ነው። አዙር ላይ ደግሞ ዴቨሎፐር የሚባለው ርካሹ ደረጃ ለሙከራ የተሠራ ነው፤ ላለመቋረጡ ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥበትም። ስንት ድርጅት እውነተኛ ሥራውን እሱ ላይ እንደሚያስኬድ ያየሁትን ብናገር ወዳጅ አጣለሁ።

የሰከንድ ገደብ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ የአሜሪካው ቲ-ሞባይል ያሳያል። ድርጅቱ በጥር 2023 እንዳሳወቀው አንድ ሰው በአንድ ኤፒአይ በኩል የ37 ሚሊዮን ደንበኞችን መረጃ ወስዷል። የጀመረው ኖቬምበር 25 ቀን 2022 ነው፤ የተደረሰበት ጃንዋሪ 5። አርባ አንድ ቀን። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በየቀኑ እኩል ቢወሰድና በአንድ ጥያቄ አንድ ደንበኛ ቢሆን በቀን 900,000 ገደማ ነው። በሰከንድ ሲካፈል 10 ይሆናል። ለትልቅ የስልክ ድርጅት በሰከንድ 10 ጥያቄ የሚታይ ነገር አይደለም። በቀን ከአንድ ተጠቃሚ 900,000 ግን መታየት ነበረበት። የቀን ኮታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። «ይህ ቁልፍ ትናንት ስንት ጠየቀ? ባለፈው ሳምንትስ?» ብሎ የሚያወዳድር አንድ ገበታም ያስፈልጋል።

ሌላው ቀዳዳ የጓሮ በር ነው። ሰው ጌትዌይ ይተክልና የድሮውን አድራሻ ይረሳዋል። ክላውድ ላይ ኤፒአይ ስታወጡ አቅራቢው አንድ የራሱን አድራሻ ይሰጣችኋል። ጌትዌዩ ከፊቱ ሲቆም ያ አድራሻ በራሱ አይዘጋም። ያወቀው ሰው ጥበቃውን ሳያይ ቀጥታ ይገባል። ወዳጄ ጋም እንዲሁ ነበር። ልጆቹ ጌትዌይ ተክለው በኩራት አሳዩኝ። የድሮውን አድራሻ ከስልኬ ጻፍኩት፤ የትእዛዞች ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩ መጣ። ዝም ተባባልን።

ይህ የጀማሪ ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአውስትራሊያው ኦፕተስ በሴፕቴምበር 2022 ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ወጣበት። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለፍርድ ቤት ያቀረበው ታሪክ እንዲህ ነው። በ2018 አንድ የኮድ ስህተት የመግቢያ ቁጥጥሩን አበላሸው። በ2021 ድርጅቱ ስህተቱን በዋናው ድረ ገጹ ላይ አግኝቶ አረመው። ያው ስህተት ያለበት ሌላኛው አድራሻ ግን ተረሳ። የሚገርመው ያ አድራሻ ሥራ ላይ እንኳ አልነበረም። ማንም አይጠቀምበትም፤ ግን ለኢንተርኔት ክፍት ነው። ማንም የማይጠቀምበትን ማን ይከታተለዋል? የድረ ገጽ ደኅንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ በ2023 ባወጣው የኤፒአይ አደጋዎች ዝርዝር ውስጥ 9ኛው ይኸው ነው፤ ያሉህን ኤፒአዮች ቆጥሮ አለማወቅ። ሱቅ በዓመት አንዴ ዕቃ ይቆጥራል። ኤፒአይም ቆጠራ ይፈልጋል።

አሁን ወደ መከታተሉ። የጉግል መሐንዲሶች አራት ነገር ተመልከቱ ይላሉ፤ መልሱ ምን ያህል ይዘገያል፣ ስንት ጥያቄ ይመጣል፣ ስንቱ ይከሽፋል፣ ማሽኑ ምን ያህል ሞልቷል። ጥሩ መነሻ ነው። አዙርም አማዞንም እነዚህን ያለብዙ ድካም ያሳያሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፤ አማካይ ቁጥር አትመኑ። ከ100 ጥያቄ 95ቱ በ0.1 ሰከንድ ቢመለሱና 5ቱ 10 ሰከንድ ቢፈጁ አማካዩ 0.6 ሰከንድ ገደማ ነው። ያምራል። አምስቱ ሰዎች ግን መተግበሪያውን ዘግተው ሄደዋል። ስለዚህ መታየት ያለበት ከመቶው 99ኛው ጥያቄ ምን ያህል ቆየ የሚለው ነው።

የወዳጄን ችግር ግን ከአራቱ አንዱም አይዘውም ነበር። ፍጥነቱ ጥሩ፣ ስህተቱ ዜሮ፣ ማሽኑ ባዶ። ብዛቱም በጤነኛ ቀን ከሚያየው ብዙ አልራቀም። ክላውድ አቅራቢዎች «99.9 በመቶ» ብለው ዋስትና ሲሰጡ በወር 43 ደቂቃ ያህል መቋረጥ ይፈቀዳል ማለት ነው። የወዳጄ ኤፒአይ በዚያ ወር አንድ ደቂቃ አልተቋረጠም። መቶ በመቶ!

ለዚህ መድኃኒቱ ቴክኒኩን ትቶ ሥራውን መቁጠር ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ትእዛዝ መጣ? ከነሱ ስንቱ «ተከፍሏል» ተባለ? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከወትሮው ሲሰፋ ይጮህ። ለባንክ ቢሆን «ሒሳቡ ላይ ካለው በላይ ያወጣ ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ ዜሮ መሆን ያለበት። እንዲህ ያለ መለኪያ ከክላውዱ ተዘጋጅቶ አይመጣም። ማይክሮሶፍት እናንተ ምግብ ትሽጡ ገንዘብ ታስተላልፉ አያውቅም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህ ድርጅት ደህና ዋለ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?» ብሎ ጠይቆ መጻፍ አለበት። ይህ ደግሞ የዴቨሎፐሩ (የፕሮግራም ጸሐፊው) ብቻ ሥራ አይደለም። ወዳጄ ጋ ትክክለኛውን ጥያቄ ያመጣችው ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት።

ሎግ (ሲስተሙ የሠራውን እየጻፈ የሚያኖርበት መዝገብ) ላይ ሁለት ነገር። አንደኛው የሰዓት ነገር ነው፤ ሲያስቀን የቆየውን ያህል አስለቅሶናል። ደንበኛው «ሦስት ሰዓት ላይ እምቢ አለኝ» ይላል። በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 9 ነው። ሰርቨሩ የሚጽፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሆነ ሎጉ ላይ 6 ሰዓት ይላል። ልጆቹ ሎጉ ላይ 3 ሰዓት የሚለውን ሲያገላብጡ ውለው «ምንም የለም» ብለዋል። ለዚህ የሚበጀው ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ያንኑ ቁጥር ከበር እስከ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ማሳለፍ፣ ለደንበኛውም በስህተት መልእክቱ ላይ ማሳየት ነው። ደንበኛው ሰዓት ሳይሆን ቁጥር ይነግራችኋል። ከ2019 ጀምሮ ኦፕንቴሌሜትሪ የሚባል የጋራ መሣሪያ ስላለ ይህንን ከባዶ መሥራት አይጠበቅባችሁም።

ሁለተኛው፣ የሰው ምስጢር ሎግ ውስጥ አትጻፉ። የይለፍ ቃል፣ ፒን፣ ሙሉ ቶክን፣ የፋይዳ ቁጥር። ችግር ሲፈልግ ሁሉን የሚጽፍ ዴቨሎፐር አለ፤ ከዚያ ማጥፋቱን ይረሳዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ነገር የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ርቀቱም ሌላ ነገር ነው። የትልልቆቹ ክላውድ አቅራቢዎች ማዕከል እዚህ የለም። በአህጉሩ ያሉት በአብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ ማይክሮሶፍት በ2019 ጆሃንስበርግ፣ አማዞን በ2020 ኬፕታውን ከፈቱ። ብዙው የኛ ሰው ደግሞ አውሮፓ ላይ ያስቀምጣል። ሰርቨሩ የሚለካው ጥያቄው እጁ ከገባበት ጀምሮ ያለውን ነው። በመንገድ ላይ የባከነውን አያውቅም። በፌብሩዋሪ 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ሲበጠሱ አውሮፓ ያለው ሰርቨር ምንም አልታመመም። የጅማው ደንበኛ ስክሪን ግን ይሽከረከር ይሆናል። ስለዚህ ተጠቃሚው ካለበት ቦታ ሆኖ የሚያንኳኳ ነገር ያስፈልጋል። ውድ መሆን የለበትም። እኛ ያደረግነው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ቢሮ ጥግ አስቀምጠን፣ በሞባይል ኢንተርኔት፣ በየደቂቃው የውሸት ትእዛዝ እንዲልክ ነው። መብራት ሲጠፋም ይነግረናል፤ ያንን እንኳ ያለሱም እናውቀዋለን።

የሚከታተለው ነገር ከሚከታተለው ሲስተም ጋር አብሮ መውደቅም የለበትም። ይህን ትልልቆቹም በውርደት ነው የተማሩት። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 አንድ የአማዞን መሐንዲስ ትእዛዝ ሲጽፍ ተሳስቶ ካሰበው በላይ ሰርቨር አጠፋ። የፋይል ማስቀመጫው ኤስ3 ለሰዓታት ወደቀ። የአማዞን የሁኔታ ማሳያ ገጽ ራሱ እዚያው ላይ የተደገፈ ስለነበር ሊታደስ አልቻለም። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለ6 ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ሲጠፋ ሠራተኞቹ ችግሩን የሚመረምሩባቸው የውስጥ መሣሪያዎችም አብረው ጠፉ። ሰው በአካል ወደ ዳታ ማዕከሉ መሄድ ነበረበት። ኦክቶበር 20 ቀን 2025 ደግሞ ቨርጂኒያ ያለው የአማዞን ማዕከል ውስጥ የአንድ ዳታቤዝ አገልግሎት አድራሻ በአውቶማቲክ ሥራ ስህተት ባዶ ሆነና በርካታ አገልግሎት ይዞ ወደቀ። በዚያ ቀን ኤፒአዩም ማንቂያውም እዚያው ማዕከል የነበረ ሰው ያገኘው ጸጥታ ነው።

ማንቂያ ሲበዛ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ወዳጄ ጋ መጀመሪያ ማንቂያው ሁሉ ወደ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ይሄድ ነበር። በቀን መቶ ምናምን መልእክት። በሳምንቱ ሁሉም ድምፁን ዘግተውታል። አሁን ስልክ የሚያስጮኹት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ክፍያ አልተመዘገበም፣ ላፕቶፑ አምስት ጊዜ አንኳኩቶ አልተከፈተለትም፣ አንድ ቁልፍ የቀን ኮታውን ጨርሷል። ቀሪው ጠዋት ከቡና ጋር የሚታይ ነው።

ወጪውን ሳላነሳ ባልፍ ይታዘቡኛል። ክላውድ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሰርቨሩ አልተጨመረ፣ ደንበኛው አልተጨመረ፣ ሒሳቡ ግን በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከዚያ ሒሳብ ውስጥ ብዙው ሰው የማይጠብቀው ሎግ ነው። የሚከፈለው በጊጋባይት ነው፤ ወሬኛ ኤፒአይ ደግሞ ብዙ ጊጋባይት ያወራል። የከሸፈውን ሁሉ አስቀሩ፤ ከተሳካው ከ20 አንዱን ብቻ አስቀሩ። የገንዘብ እንቅስቃሴ ግን ናሙና አይወሰድለትም፤ እሱ ለብቻው፣ ሙሉው፣ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል።

ያቺ የክፍያ ማንቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት የጮኸችው ዓርብ ቀን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ትእዛዝ ወደ ዜሮ ወርዷል፤ የተመዘገበ ክፍያም የለም፤ ክላውዱ የቀደሙትን ዓርቦች አስልቶ «ከባድ ችግር» ብሏል። አንደኛው ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ እየሮጠ ወጣ። ጌትዌዩን አየ፣ ላፕቶፑን አየ፣ ክፍያውን ሞከረ። ሁሉ ይሠራል። ከዚያ ዞር ብሎ ግቢውን የሞላውን ሲሰግድ የዋለ ሕዝብ አየ። ስቅለት ነበር። ማን ምሳ ያዛል? አሁን ኮዱ ውስጥ ስቅለት፣ ፋሲካና ጾም መያዣዎቹ የተጻፉበት ትንሽ ፋይል አለ። ቀናቱ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ ባሕረ ሐሳቡን እያዩ በእጅ የሚሞሉት የወዳጄ እናት ናቸው።